አንድ እንስራ፣ ሰባት ወር፦ የአንድ ፍኖተ ሰላም ልጅ የሥዕል ጉዞ

ልጁ ባሕር ዳር ቤቴ ድረስ የመጣው በሐምሌ 2010 ነበር። ከፍኖተ ሰላም በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ፣ ዝናብ ደብድቦት ገባ። ያኔ 26 ዓመቱ ነው። ጉዳዩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። ስሙ እንዲነሳ ግን አልፈለገም። ስለዚህ "ልጁ" እያልኩ እሄዳለሁ።

በፌስታል ጠቅልሎ ያመጣው ስልኩን ነበር። ስልኩ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ የሥዕሎቹ ፎቶዎች አሉ። ሙሽሮች፣ ጋውን የለበሱ ተመራቂዎች፣ ያረፉ አባቶች፣ ሁለት ዘፋኞች። ሁሉም ከስልክ ፎቶ የተሳሉ ናቸው። ቁርጥ ባለቤቶቹን ይመስላሉ። አንዱን አሳይቶኝ ወደ ሌላው ከማለፉ በፊት ፊቴን ያያል። ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜያለሁ። ምንድን ነው የጎደለኝ?" አለኝ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ ስል ነው። ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በደብረ ማርቆስም፣ በሞጣም፣ በቢቸናም እንደ እሱ ያሉ ልጆች አጋጥመውኛል። እጃቸው ጥሩ ነው። ጎረቤት ያደንቃቸዋል። እነሱ ግን እንዳልተሻሻሉ ልባቸው ያውቀዋል። ብዙዎቹ የጎደለን ቀለም ነው፣ ሸራ ነው፣ ትምህርት ቤት ነው ይላሉ። የዚህ ልጅ ነገር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

አባቱ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበሩ። የሱቅ ስም፣ የፀጉር ቤት ሥዕል፣ የመኪና ላይ ጥቅስ ይሠሩ ነበር። ልጁ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ቆርቆሮ እየፋቀ፣ ብሩሽ እያጠበ፣ በኋላም ፊደል እየጻፈ አብሯቸው አደገ። አባትየው ሲያርፉ ሥራውን ወረሰ። ወዲያው የባነር ማተሚያ ማሽን ከተማው ገባና በእጅ የሚያስጽፍ ሰው ጠፋ። ልጁ እንጀራውን ፍለጋ ወደ ፎቶ ሥዕል ዞረ።

ሥዕሎቹን ሳይ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው አፍንጫ ላይ ነው። የሁሉም ሰው አፍንጫ ገዝፏል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ሸሽቷል። ይህ የእጁ ጥፋት አይደለም። ሰው ክንዱን ዘርግቶ ራሱን ፎቶ ሲያነሳ፣ ለካሜራው ከሁሉ የሚቀርበው አፍንጫው ነው። የቀረበ ነገር ደግሞ ይገዝፋል። ልጁ ስህተቱንም ከፎቶው ጋር አብሮ ገልብጦታል። ሁለተኛው ጥላው ነው። ስልክ ደማቁን ቦታ ለማትረፍ ሲል ጨለማውን ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ጥቁር ያደርገዋል። በዓይናችን ስናየው ግን በዚያው ጥላ ውስጥ ቡናማ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ። ልጁ ከአገጭ በታች ያለውን ሁሉ በጥቁር ሞልቶታል።

"ከፎቶ ሳይሆን ፊትህ የተቀመጠ ነገር ስለህ ታውቃለህ?" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። "ፊደል ነው የለመድኩት። ዕቃ ስዬ አላውቅም" አለ።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልናገር። እንደ ሐኪም ማዘዣ ረጅም ዝርዝር ጻፍኩለት። የሰው አካል ጥናት፣ የርቀት አሳሳል፣ በየቀኑ አሥር ንድፍ፣ አሥራ ሁለት ቀለም ያለው የአክሪሊክ ፓኬት፣ ጥሩ ሸራ። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መስከረም ላይ ስደውልለት "አልቻልኩም ጋሼ" አለኝ። ቀለሙን ያጠራቀመውን ብር አራግፎ ገዝቶታል። ከገዛው በኋላ ግን እንዳያባክነው ፈርቶ አንዱንም ቱቦ አልከፈተም። ሸራው ግድግዳ ተደግፎ ነጭ እንደሆነ ቀርቷል። ያ ዝርዝር ትክክለኛ ነገሮችን ይዞ ነበር፤ ለእሱ ግን ከባድ ድንጋይ ሆነበት። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ እኔው ተነስቼ ሄድኩ።

ጓዳው ውስጥ

እናቱ ጠላ ይሸጣሉ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ከጓዳው ጎን ልጁ የሚሠራባት ጠባብ ክፍል አለች። አንድ ትንሽ መስኮት አላት፣ ወደ ሰሜን የምታይ። ከመስኮቷ ሥር ዕድሜና ጭስ ያጠቆረው አንድ እንስራ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ትንሽ ተሸርፏል። ጠላ አይቀዳበትም፣ ውሃ አይቀዳበትም። ዝም ብሎ ተቀምጧል።

"ይኸን ሳለው" አልኩት።

"እንስራውን?"

"እንስራውን። ነገም እሱኑ፣ ከነገ ወዲያም እሱኑ።"

እናቱ ጠላ ይዘው ሲገቡ ሰሙን። "ኧረ አንቱ፣ ይኸ አሮጌ እንስራ ምኑ ይሣላል? ልጥለው ነው የነበር" አሉ። እንዳይጥሉት ለመንኳቸው።

ከአሥራ ሁለቱ ቀለም አራት ብቻ አወጣሁ፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ እና ኦከር የሚባለውን የአፈር ቢጫ። ስምንቱን በፌስታል ቋጥሬ ይዤው ወደ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አንደርስ ሶርን የሚባለው የስዊድን ሰዓሊ በብዛት የሚታወቀው በእነዚህ አራት ቀለሞች በሠራቸው የሰው ገጽታዎች ነው። ሰማያዊ የለም ብላችሁ ትሰጉ ይሆናል። ጥቁርን ከነጭ ጋር ቀላቅላችሁ ከሞቃት ቢጫ አጠገብ አድርጉት። ሰማያዊ መስሎ ይታያችኋል። ጀማሪ አሥራ ሁለት ቀለም ሲያይ ከቱቦው ይመርጣል። አራት ብቻ ሲኖረው መቀላቀል ግድ ይሆንበታል። ሲቀላቅል ደግሞ የሚፈልገውን ቀለም አስቀድሞ በደንብ ማየት አለበት።

ሸራውንም አስነሳሁት። የፓስታ ካርቶን በ15 በ20 ሴንቲሜትር ቆረጥን። ፊቱን በነጭ የግድግዳ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባነው። ለልምምድ ይበቃል። ካርቶን ስለሆነ ማንም አይሳሳለትም፣ ተበላሸ ብሎ የሚያለቅስ የለም። ጊዜውም ተወሰነ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል። ሰዓቱ ሲሞላ ሥዕሉ ቢያልቅም ባያልቅም ብሩሹ ይታጠባል።

አንድ ነገር ጨመርኩ። በእያንዳንዱ ካርቶን ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሰማዩ ደመና ይሁን ብራ፣ እና ያን ቀን ያየውን አንድ አዲስ ነገር እንዲጽፍ። ስለ ሥዕሉ ቆንጆ ወጣ፣ አስቀያሚ ወጣ የሚል ነገር አይጻፍም። ያየውን ብቻ።

ከሰል

የመጀመሪያው ወር ቀለም አልነካም። በከሰል ብቻ ነው የሠራው። የሥዕል ከሰል ከፍኖተ ሰላም ሱቅ አይገኝም፣ ከባሕር ዳርም ለማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ስለዚህ ራሳችን ሠራነው። ላህ ወንዝ ዳር ወርደን የአኻያ ቀንበጥ ቆረጥን። አውሮፓውያን ሰዓሊዎች ለዘመናት ሲጠቀሙበት የኖሩት ከሰልም ከዚሁ ከአኻያ ዘር ነው። ቀንበጡን ልጠን፣ የእርሳስ ቁመት እያደረግን፣ በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ጥቅጥቅ አድርገን ሞላነው። ክዳኑ ላይ በምስማር አንዲት ቀዳዳ በሳንና እናቱ እንጀራ ከጋገሩበት ፍም ውስጥ ከተትነው። ከቀዳዳዋ ጭስ እየወጣ ይቆያል። ጭሱ ሲያቆም ጣሳውን ማውጣት፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግን በምንም ተአምር አለመክፈት። ትኩስ ሳለ ከተከፈተ አየር ይገባውና ከሰሉ አመድ ይሆናል። ልጁ የመጀመሪያውን ጣሳ ቸኩሎ ከፈተና አመድ አፈሰ። ሁለተኛው ግን እንደ ሐር የለሰለሰ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በባሕር ዛፍም ሞክሮት ነበር፤ ጠጥሮበት ወረቀቱን እየቧጨረ አስቸገረው።

በከሰል እንዲፈልግ የሰጠሁት አምስት ደረጃ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚደምቀው፣ ከሁሉ የሚጨልመው፣ በመካከል ሦስት። ለዚህ የሚረዳው ቀላል ዘዴ ዓይንን ጨፈን ማድረግ ነው። ዓይናችንን ስናጨነቁር ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ የብርሃንና የጨለማ ክፍፍል ብቻ ይቀራል። ሌላው መስታወት ነው። ሥዕሉን በመስታወት ገልብጦ ሲያዩት የተጣመመው ጎን ወዲያው ይጋለጣል። የልጁ እንስራ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያጋድል ነበር። ሦስት ሳምንት አላየውም። በእህቱ መስታወት ሲያየው ደነገጠ።

ካርቶን ቁጥር 11 ጀርባ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ጥቅምት 14፣ ደመና። እንስራው ከግድግዳው የሚጨልመው በአንድ በኩል ብቻ ነው። በሌላ በኩል ግድግዳው ነው የሚጨልመው።" ይህን በስልክ ሲያነብልኝ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዕቃውን በመስመር ከቦ ውስጡን ሲሞላ የኖረ ልጅ፣ የዕቃው ጠርዝ አንድ ቦታ ጠፍቶ ሌላ ቦታ እንደሚወለድ በራሱ ዓይን አገኘው። ሰዓሊ የሚለውን ስም ያገኘው ለእኔ ያን ቀን ነው።

ቢጫው ጀሪካን

ኅዳር ላይ ቀለም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ካርቶኖች ጭቃ ነበሩ። ቀለም አብዝቶ ይቀላቅላል፤ አራቱም ሲገናኙ አፈር ይሆናሉ። ሁለት ብቻ እየቀላቀለ ሦስተኛውን በጣም ጥቂት እንዲጨምር ነገርኩት። ብሩሹን በየመሃሉ እንዲጠርግም።

ቁጥር 23ን ሲሠራ እኔም እዚያው ነበርኩ። እናቱ ውሃ ቀድተው ገብተው ቢጫውን ጀሪካን ከእንስራው አጠገብ አስቀመጡት። ልጁ "እማዬ፣ አንሺልኝ" ሊል አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። "ተወው። እንስራውን እየው" አልኩት። መጀመሪያ ምንም አላየም። እንስራው ያው ጥቁር ነው። "ሆዱን፣ ከታች በኩል" አልኩት። ቆየ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ቢጫ ገብቶበታል" አለ።

እውነትም ገብቶበታል። በመስኮቷ የገባው ብርሃን ጀሪካኑን መትቶ፣ ቢጫውን ተሸክሞ፣ በእንስራው የጥላ ጎን ላይ አርፏል። ጥቁር ነው ብሎ ያመነው ጥላ ውስጥ የቆየ ወርቅ የመሰለ ጭላንጭል አለ። ጀሪካኑን በእጄ ራቅ ሳደርገው ጭላንጭሉ ይጠፋል። ሳስጠጋው ይመለሳል። አሥር ጊዜ ያህል አስመላለሰኝ። እንደ ሕፃን ነበር ደስ ያለው። ኦከሩን በጣም በጥቂቱ ጥቁሩ ላይ አክሎ በአንዲት ምት አሳረፈውና ብሩሹን አስቀመጠ። እንስራው ከካርቶኑ ላይ ከበብ ብሎ ወጣ።

ማታ ስለ ሼቭሩል አጫወትኩት። በፓሪስ ጎብላን በተባለው የንጉሣዊ የምንጣፍ ሥራ ቦታ የቀለም ነከራ ኃላፊ የነበረ ኬሚስት ነው። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ስሞታ መጣበት። መረመረው። ክሩ ምንም አልሆነም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ይህን ጥናቱን በ1839 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተመ። እኛም ሞከርነው። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ቆርጠን አንዱን ቀይ ጨርቅ ላይ፣ ሌላውን አረንጓዴ ቅጠል ላይ አደረግን። ቀዩ ላይ ያለው ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ላይ ያለው ወደ ቀይ አዘነበለ። እናቱ መጥተው አዩና "የእኔም ጥለት እንዲያ ነው፤ ነጠላው ላይ ሲሆን ሌላ ይመስላል" አሉ። ሳያነቡ የሚያውቁትን ነው የነገሩን።

ታኅሣሥ ላይ ከቤት እንዲወጣ አደረግኩት። የጤፉ አጨዳ አልቆ ክምር በየማሳው ቆሟል። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ሞኔ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 እና 91 የእህል ክምሮችን ወደ 25 በሚጠጉ ሸራዎች ላይ፣ በተለያየ ሰዓትና ወቅት፣ ደጋግሞ ስሏል። እኛ ጎጃም ውስጥ ክምር እያየን አድገን ማንም ለሥዕል ዞር ብሎ አያየውም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ልጁ ግን ውጭ ተሸነፈ። ብርሃኑ ሮጠበት። ጠዋት የጀመረውን ረፋድ ላይ ሲያስተካክል ሁለቱንም አጣ። ስለዚህ ሁለት ካርቶን እንዲይዝ ተስማማን፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ ከ11 ሰዓት በኋላ። በ40 ደቂቃ ማቆም፣ በነጋታው በዚያው ሰዓት መመለስ። እኩለ ቀን ላይ አለመውጣት፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው ሁሉ እግር ሥር ይገባና ክምሩ ጠፍጣፋ ይሆናል።

የሰርግ ወር

ጥር መጣ። ጥር ለልጁ የእንጀራ ወር ነው። የሙሽራ ሥዕል ትእዛዝ ተከታትሎ መጣለትና እንስራው ለሁለት ሳምንት ተረሳ። ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ጥፋት የሠራ ሰው ድምፅ ነበር። አንዳንድ መምህራን ለገበያ መሳል እጅ ያበላሻል ይላሉ። እኔ አልስማማም። እናቱን የሚጦር ልጅ ትእዛዝ መልስ ብዬ አልመክርም። የነገርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደንበኛው ፎቶ እንዲልክ አትፍቀድ። አንተ ሄደህ፣ መስኮት አጠገብ በጎን አስቀምጠህ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቀህ ራስህ አንሳው። ሁለተኛ፣ ፎቶውን ካነሳህ በኋላ ሰውየው ቡና እስኪጠጣ ድረስ በከሰል ንደፈው። ቤትህ ስትገባ ፎቶው የረሳውን ከሰሉ ያስታውስሃል።

አፍንጫዎቹ በአንድ ጊዜ ተስተካከሉ። ሌላ ችግር ግን መጣ። የአንዲት ሙሽራ እናት የአገጯን ጥላ አይተው "ልጄን አጠቆርካት፣ ደግሞ አረንጓዴ ምን አመጣው?" ብለው ሥዕሉን መለሱበት። ልጁ ሆድ ባሰው። ደግሞ ሊሠራው ግድ ሆነ። እኔ ሴትዮዋን አልወቅስም። የከፈሉበት ነገር ነው፣ የለመዱትንም ፈልገዋል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ቀለም ከመጀመሩ በፊት የከሰል ንድፉን ለደንበኛው ያሳያል፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ጥላው ለምን እንደተቀመጠ ያስረዳል። ሰው መጀመሪያ ካየው በኋላ አይደነግጥም።

በዚሁ ወር የዕቃውንም ነገር አስተካከልን። ልጁ የአባቱን የበርና የቆርቆሮ ቀለም፣ ጨርቁን ሳያዘጋጅ፣ በቀጥታ ይቀባ ነበር። የዘይት ቀለም ባዶ አቡጀዲ ላይ በቀጥታ ካረፈ ዘይቱ ክሩን ከዓመታት በኋላ ይበላዋል። መጀመሪያ አቡጀዲውን ወጥሮ ቀጠን ያለ ኮላ መቀባት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያ ነጩን መሠረት ማሳረፍ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ቀለሙን በወጥ ዘይት አቅጥኖት ሳምንት ሙሉ አልደርቅ ብሎት ነበር። የሰዓሊ ዘይት የተልባ ዘይት ነው። እሱ እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። የፓልም ዘይት ይህን አያደርግም። ስለ ተልባ ዘይት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ሲጠነክር ይሞቃል፣ የታጨቀ ጨርቅ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣና በራሱ እሳት ሊነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ዘጌ

የካቲት ላይ ልጁን ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ወሰድኩት። ጫካውን በቡናው መካከል ወጥተን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። ክቡን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የመቅደሱን አራት ማዕዘን ግድግዳ ሲያይ፣ ከላይ እስከ ታች ሥዕል፣ ልጁ ቆመ። እኔ ስለ ታሪኩ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ተጠግቶ ሌላ ነገር ያይ ነበር።

"ጋሼ፣ ይኸ እኮ ጨርቅ ነው።"

ትክክል ነው። ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። መጋጠሚያውን በዓይኑ ተከትሎ አገኘው። ከዚያ ዓይኖቹን አየ። ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፣ ክፉዎቹ በጎን ተስለው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህንን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ያን ቀን ያስደነቀው መስመሩ ነው። የአንዲት ልብስ እጥፋት ላይ ጣቱን ሳያስነካ በአየር ላይ ተከተለው። ሲጀምር ቀጭን፣ መሃል ላይ ወፈር፣ ሲጨርስ እንደገና ቀጭን። "ይኸ ብሩሽ አልተነሳም። የአባቴ 'ሐ' እንዲህ ነበር" አለ።

እኔ ይህን ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ልጁ አሥር ዓመት ሙሉ ረጅም ጸጉር ባለው ብሩሽ ሳይንቀጠቀጥ መስመር ሲጎትት ኖሯል። ፎቶ መሳል ሲጀምር ያንን እጅ ደበቀው። ፎቶ መስመር የለውምና፣ ሁሉን በጣቱና በጥጥ እያሸ ያለሰልሰው ጀመር። የሁሉም ሥዕሎቹ ፊት እንደ ፕላስቲክ የነበረው ለዚህ ነው። ቄሱን አስፈቅደን የእጥፋቱን መስመር በደብተሩ ገለበጠ። ስንመለስ ጀልባው ላይ ስለ ጥንቱ ሰዓሊ ፍሬ ጽዮን ነገርኩት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በስሙ የፈረመው ሥዕል እዚሁ ጣና ላይ ደጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ልጁ ወደ ደሴቶቹ ዞሮ ብዙ ጊዜ ዝም አለ።

ቁጥር 48 ከዘጌ ከተመለሰ በኋላ የተሠራ ነው። እንስራው ያው እንስራ ነው፣ ጀሪካኑም አለ። በብርሃኑ በኩል ግን ከአንገቱ እስከ ሆዱ የወረደች አንዲት መስመር አለች። ብሩሹ አልተነሳም። የተሸረፈው ቦታ ጋ ስትደርስ ትሰበራለች፣ ቀጥላ ትወፍራለች፣ ጥላው ውስጥ ስትገባ ትጠፋለች። ቀለሙ ጥቂት ነው። እንደ 40ዎቹ የስልክ ሥዕሎች ያለውን ማንም ቢሆን ሊሠራ ይችላል። ይህንን ግን የአንድ ማስታወቂያ ጸሐፊ ልጅ ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ካርቶኑ አሁን የእኔ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።

መስኮቷ

ሰባተኛው ወር ላይ ልጁ የእኔን ትምህርት አረመ። በፊት "ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ለሰዓሊ ጥሩ ነው፤ ቀጥታ ፀሐይ ስለማይገባ ብርሃኑ አይለዋወጥም" ብዬው ነበር። መጻሕፍቱ የሚሉት ነው፣ እኔም ሳላስብ ስደግመው ኖሬአለሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደወለ። "ጋሼ፣ ፀሐይ ገባችብኝ። በሰሜኑ መስኮት።"

ቁጭ ብዬ ሳስበው እውነቱን ነው። ያ ምክር የአውሮፓ ነው። እዚያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ፍኖተ ሰላም ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ እንኳ አይሞላትም። ስለዚህ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ከእኛ በስተ ሰሜን ታልፋለች። ጠዋት ጠዋት አግድማ በሰሜን መስኮት ትገባለች። ጎጃም ውስጥ የሥዕል ክፍል የምታዘጋጁ ሰዎች ይህን አስቡበት። ልጁ መፍትሔውንም ራሱ አገኘ፤ የእናቱን አሮጌ ነጠላ መስኮቷ ላይ ወጠረው። ብርሃኑ ለስልሶ ገባ።

አሁን የት ነው ያለው? ጥንቅር ላይ ገና ነው። ዕቃውን ሁሉ መሃል ላይ ማስቀመጥ አልተወም፤ ካርቶን መሃሉን ቀዶ እንደ መስኮት እያየበት ከዳር ማስቀመጥ እንዲለምድ እያደረግነው ነው። እጅ ይቸግረዋል። ጣቶች እንደ ቋሊማ ይሆኑበታል። ትእዛዙን ግን አልተወም። ስምንቱን ቀለም መልሼለታለሁ፤ ከእነሱ ሰማያዊውን ብቻ ከፈተ።

የመጨረሻው የላከልኝ ቁጥር 87 ነው። እንስራ የለበትም። እናቱ ጎንበስ ብለው ጠላ ሲያጠሉ ነው፤ ፊታቸው ገና አልተሠራም፣ ክንዳቸው ሦስት ቦታ ተሞክሮ ተሰርዟል። ጀርባው ላይ "ግንቦት 12፣ 1 ሰዓት፣ ደመና። እማዬ ዝም ብላ አትቆምም" ይላል።

መልሼ የጻፍኩለት ይህን ነው፦ እንዲቆሙልህ አትለምናቸው። ሲያጠሉ ክንዳቸው ወጥቶ ይመለሳል። ከላይ የሚደርስበትን አንዱን ቦታ ምረጥና እሱን ብቻ ጠብቅ። ሲመጣ አንድ መስመር ጎትት፣ ሲሄድ ብሩሽህን አንሳ። ይመለሳል። ጋኑ እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።